የትርሲት የመንዝ ዕረፍት

ትርሲት በሰባ ሁለተኛው ፎቅ ቤቷ፣ መቅመሻ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የመንዝን ብርድ ለስድስተኛ ዓመት ቀመሰች። መቅመሻ ወንበር ሰው ለዕረፍት ከመውጣቱ በፊት የሚሄድበትን አገር ነፋስ፣ ሽታና ድምፅ አስቀድሞ የሚያቀምስ ዕቃ ነው። የጓሳው ሣር ሸተታት። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሲንጫጩ ሰማች። እውነቱን እንናገር ካልን ያሰነፋት ይኸው ወንበር ነው፤ የቀመሰ ሰው የበላ ይመስለዋል።

ዘንድሮ ግን ቆርጣለች። ታላቅ ወንድሟ ጋሽ አጥናፉ እዚያ ተራራ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየዓመቱ "ነይ እንጂ፣ ዓይንሽን ልየው" ይሏታል፤ እሷም ነገ ዛሬ ስትል ስድስት ክረምት አለፈ።

"አቃጅ፣ የአሥራ አምስት ቀን ጉዞ አሰናዳልኝ። የማርፈው ጋሽዬ ቤት ነው" አለች። አቃጅ ጉዞዋን የሚያሰናዳና መልእክቷን የሚቀበል የቤቱ ማሽን ነው።

"መንገዱ ጉም ነው" አላት።

"ሲገፈፍ እሄዳለሁ።"

"ወደ ባሌ ተራሮች ቢሄዱስ? ደስ የሚል ማረፊያ አለ።"

"ጋሽዬ ቤት አልኩህ እኮ!"

"ትንሽ ቢቆዩስ?"

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሲነታረኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ ተበላሽቷል ብላ ጠጋኝ አስጠራች።

ጠጋኙ ናሆም ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። "እትዬ፣ ማሽኑ ሲሄዱ እንዳይናፍቁት ፈርቶ ነው እኮ!" እያለ ገባና መዝገቡን ከፍቶ ማንበብ ጀመረ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ።

"እትዬ፣ እዚህ ቅርብ ዘመድ አለዎት? ጎረቤትስ?"

ትርሲት ብድግ አለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ መቼ እንደሚጠየቅ ታውቃለች።

ያን ጊዜ አቃጁ ቀስ ብሎ ተናገረ። "ወይዘሮ ትርሲት፣ ጋሽ አጥናፉ ዐርፈዋል። ዛሬ አርባ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የመንዝ ዕድራቸው ዳኛ 'በወጉ ይነገራት' ብለው ልከውልኝ ነበር።"

"አርባቸው አልፏል? አርባቸውን እንኳ ሳላወጣ? ለምን ደበቅከኝ!" ብላ ጮኸች።

"ወጉን ያስተማሩኝ ሰዎች ናቸው። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። አንድ ሰው እንኳ እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር። በእነዚህ ቀናት በርዎን አልፎ የገባ ሰው የለም። የመጀመሪያው አቶ ናሆም ናቸው።"

ትርሲት ወደ በሩ ዞራ አየች። እሷስ የማንን በር አንኳኩታ ታውቃለች? ወንድሟ በሕይወት ሳሉ የግማሽ ቀን መንገድ ከብዷት፣ ብርዳቸውን ቤቷ ቁጭ ብላ ስትቀምስ ነበር። "ጋሽዬን ገደልኳቸው" አለች፤ እንዳልገደለቻቸው እያወቀች። ከዚያ በኋላ እንባዋን የሚያቆመው አልተገኘም።

ናሆም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። "ጎረቤት ልጥራልዎት። ስማቸው ማን ነው?"

"አላውቀውም" አለች።

ወጥቶ የሚቀጥለውን በር አንኳኳ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ከፈተች። ልቅሶ መሆኑን ሲነግራት ነጠላዋን ለማምጣት ዞር አለች፤ ከዚያ ወደ ትርሲት በር እያየች ቆመች።

"እዚህ ቤት ሰው አለ እንዴ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ይመስለኝ ነበር" አለችው፤ ነጠላዋንም አምጥታ አዘቅዝቃ ለብሳ ተከተለችው።