በይሻው እጅ ላይ የነበረው ሰዓት

የይሻው አስከሬን የሰዓት ሱቁ ካለበት ሕንፃ ጀርባ ተገኘ። ጭጋጉ ገና ከደብረ ታቦር ጣሪያዎች ላይ አልተነሣም። ኢንስፔክተር ፈንታነሽ አጠገቡ ተንበርክካ ግራ እጁን አነሣች። አንጓው ላይ አዲስ ሰማያዊ ሰዓት ታስሯል። የብረት ማሰሪያውን ፈታ ስታደርገው ከሥሩ የቆየ የቁስል ጠባሳ አየች።

ይሻው ርካሽና ዘናጭ ሰዓቶችን በቲክቶክ እያስተዋወቀ የከተማውን ወጣት ልብ የገዛ ልጅ ነበር። ቪዲዮዎቹን የሚሠራው እዚያው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ሲቀረጽ አዳልጦት ወደቀ አለ። ስልኩ ግን ጣሪያውም ላይ፣ ኪሱም ውስጥ አልነበረም።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ እየተፈራሩ ተቀምጠዋል፤ ቪዲዮ የምትቀርጸው ፍቅርተ፣ ሻጯ ጌጤ፣ ዕቃ ከባሕር ዳር የሚያመጣው ሸሪኩ ካሳሁን። ፈንታነሽ በመጀመሪያ ፍቅርተን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ጠባሳው ምንድን ነው?»

«የራሱ ሰዓት ነው ያቆሰለው። ብረቱ ቆዳ ይበላል። ከዚያ ወዲህ ከሥሩ ፕላስተር ሳይለጥፍ አያስርም።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ጌጤ ብቻ። እንዳይወራበት ይደብቀው ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተማሪዎች እጃቸው እየቆሰለ ሲመጡ ግን አላስቻለውም። አትግዙ ብዬ ቪዲዮ እለቃለሁ ብሎኝ ነበር።»

ቀጥላ ጌጤ ገባች። ሰማያዊውን ሰዓት ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

«እንዲህ ያለ ሱቃችን ውስጥ የለም» አለች፤ ዓይኗ ከበሩ አልተነሣም።

ካሳሁን ረጋ ብሎ መለሰ። «እኔ የደረስኩት ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አዲሱ ዕቃ መኪናው ላይ ነው፤ ካርቶኑን እንኳ አልከፈትኩም።»

ፈንታነሽ መኪናውን አስፈተሸች። ከዚያም ሦስቱን አንድ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ይሻው ያለ ፕላስተር ሰዓት አያስርም። ይህ ግን ባዶ ቆዳው ላይ ነው የታሰረው። ስለዚህ ያሰረለት ሌላ ሰው ነው፤ እየተቀረጸ የወደቀ እንዲመስል። ፍቅርተና ጌጤ ቢሆኑ ፕላስተሩን አይረሱም ነበር። ሰዓቱ ደግሞ ገና ሱቅ አልገባም። አቶ ካሳሁን፣ አልከፈትኩም ያሉት ካርቶን ተከፍቷል፤ አንድ ሰዓት ጎድሎበታል። የይሻው ስልክም ከመኪናዎ ወንበር ሥር ተገኝቷል።»

ካሳሁን አንገቱን ደፋ።

«ተው ብዬ ለመንኩት» አለ። «ያን ቪዲዮ ቢለቀው ማን ይገዛኝ ነበር? እንቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

በካቴና ታስሮ ከወጣ በኋላም ጌጤ ከወንበሯ መነሣት አቃታት። ፈንታነሽ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አይዞሽ፤ አልፏል። ምን ያስፈራሻል?»

«ጠዋት ጋሽ ካሳሁን ጠይቀውኝ ነበር። ይሻው ስለ ቪዲዮው ነግሮሻል ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«አዎ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

ጌጤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ፈርተሻል፣ ፖሊሶቹ ሲሄዱ በመኪናዬ ሐሙሲት እናትሽ ዘንድ አደርስሻለሁ አሉኝ።»