ተራራውን የዋጠው ካሬ

«ይቺን ቦታ ብቻ ጥቁር ሰማያዊ እናድርጋት፤ ዶፍ ትመስላለች። ማን ያውቃል?» አለች ሎሚ፣ ማውሱን ካርታው ላይ እያንሸራተተች። ሎሚ ያሏት ምላሷ ስለሚኮመጥጥ ነው።

ዶቃ ሰዓቷን አየች። የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ከምሳ በኋላ ይከፈታል። የዝናብ ካርታቸው ደግሞ ባለፈው ክረምት የላይ ሰፈርን ድልድይ ጠራርጎ የወሰደውን ዶፍ ጭራሽ አያውቀውም። እሱን ላመነ፣ ያን ቀን አገሩን ሁሉ እኩል ካፊያ ነው ያካፋው። እሷ ግን ክፍሉ ሙሉ እየሰማ «ዶፉ ካርታዬ ላይ ካልታየ ስሜን ቀይሩልኝ» ብላ ፎክራለች።

ካርታው የወጣበትን የአየር ሁኔታ ሞዴል በኮምፒውተር ያሠራችላቸው በአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት የምትሠራው የዶቃ አክስት ናት። ኮምፒውተሩ ምድሩን በካሬ ይሸነሽንና የእያንዳንዱን ካሬ ነፋስ፣ ሙቀትና እርጥበት ያሰላል። ካሬው ባነሰ ቁጥር ሥራው ይረዝማል። ዶቃ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ «ሰፋ ሰፋ ይበልና ቶሎ ይለቅ» ብላ ነዘነዘቻት። አክስቷም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ የጠየቀችውን ሰጠቻት።

አሁን ዶቃ ካርታውን በስልክ ላከችላት። አክስቷ መልሳ ስትደውል እየሳቀች ነበር።

«ተራራችሁ የታለ?»

«እዚያው ነው እንጂ፣ የት ይሄዳል?»

«የለም። ጫፉንና ሸለቆውን አንድ ካሬ ውስጥ ከትተሽ አማካይ ከፍታቸውን ሰጠሽው። ለኮምፒውተሩ ተራራው ጉብታ ሆነ። ሞንሱን የሚሉት የክረምት ነፋስ ከባሕር ያን ሁሉ እርጥበት ተሸክሞ መጥቶ፣ ሽቅብ የሚገፋው ካላገኘ ዶፉን በምን ያውርደው?»

ዶቃ በትንንሽ ካሬ እንደገና እንዲሠራ ለመነቻት። አክስቷ ግን ቢፈጥን ለሳምንቱ መጨረሻ ይደርሳል አለቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሎሚ ስልኩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችም፤ ጥቁር ሰማያዊውን መርጣ ድልድዩ አናት ላይ ቀባችው። እውነት ለመናገር አምሮበታል። የጂኦግራፊ መምህሩ ቆመው ሲያደንቁ ለዶቃ ከወዲሁ ታያት። ቀጥሎም «እንዴት አገኛችሁት?» ብለው ሲጠይቁ ታያት።

እጇን ዘርግታ ቀለሙን አጠፋችው።

«አበድሽ እንዴ? ባዶ ካፊያ ልንሰቅል ነው?»

«አዎ፣ ካፊያውን። አጠገቡ የድልድዩን ፎቶ።»

ካርታው ታትሞ ሲወጣ ዶቃ በቀይ እስክሪብቶ ተራራው መኖር የነበረበትን ካሬ ከበበችው። ከላዩ በትልቁ «ካሬውን ያሰፋሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበችና «ለምን እንደተሳሳትን ጠይቁን» የሚል ጨመረች። ያንን መመለስ ትችላለች፤ እንዲያውም አሁኑኑ የሚጠይቃት ሰው ባገኘች።

ሎሚ ጽሑፉን አነበበች፣ ተነፈሰች፣ ካርታውን የሚሰቅሉበትን መርፌ ቁልፍ አነሣች።

«እንግዲህ ስምሽ ከዛሬ ጀምሮ ጉብታ ነው» አለች።

«ይሁን» አለች ዶቃ። «በዚያ በኩል ያዢልኝ፣ ተጣመመ።»