ሞላላ አፍ ያለው ጊታር

ተሸጧል የተባለው ጊታር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሚልካ የሱቁን በር እንደያዘች ቆመች። አንገቱ ረጅም፣ አፍ የሚሉት መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሽና ሞላላ፤ ኢንተርኔት ላይ ስታየው የከረመችው ጊታር ራሱ ነው።

«ግቢ እንጂ፣ ሚሉ» አላት አባቷ ዘገየ ከኋላዋ። ከሚሠራበት የኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን በቀጥታ ስለመጣ የሥራ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ለልደቷ ጊታር ሊገዛላት ቃል ከገባ ቆይቷል፤ ዛሬ ቀኑ ነው።

ተሸጧል ያላት ጓደኛዋ ኢዩኤል ነበር። ትናንት ሱቁ ጋ ደውሎ እንደጠየቀ፣ ሞላላው እንደተሸጠና የቀረው ሰፊ አፍ ያለው ብቻ እንደሆነ ነገራት። ለነገሩ ለእሷ የሚስማማት እሱ ነው ብሎ ጨመረበት። ሚልካ ከፍቷት አደረች። ጠዋት ግን ምንም ማድረግ አይቻልም ብላ ራሷን አሳምና ነበር የመጣችው።

ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ጂፕሲ ጃዝ ይጫወታሉ። እነሱ በሚጫወቱት ሙዚቃ ውስጥ ከበሮ የለም፤ የከበሮውን ሥራ የሚሠራው አጃቢው ጊታር ነው። ለማጀብ ብዙዎች የሚመርጡት ሰፊ አፍ ያለውን፣ ድምፁ ወፈርና ሞቅ የሚለውን ነው። ሞላላው ድምፁ ሹል ስለሆነ ከሌሎቹ በላይ ወጥቶ ይሰማል፤ ዜማውን የሚመራ ሰው ይይዘዋል። እስከ ዛሬ የሚመራው ኢዩኤል፣ የምታጅበው ሚልካ ነበረች። እንዲህ እንዲሆን ማን እንደወሰነ ሁለቱም አያስታውሱም።

ሻጯን ጠየቀቻት። ሻጯ ስለዚህ ጊታር ማንም ደውሎ እንደማያውቅ፣ ከመጣ ጀምሮ እዚያው እንደተሰቀለ ነገረቻት። ሚልካ ፊቷ ጋለ። ለአባቷ ምንም ሳትነግረው ስልኳን አውጥታ ኢዩኤልን ሱቁ ድረስ እንዲመጣ ጻፈችለት። የእነ ኢዩኤል ቤት ሱቁ ባለበት በሳክሰንሃውሰን ሰፈር ስለሆነ ሩቅ አይደለም።

እስኪመጣ ሁለቱንም ሞከረቻቸው። ሰፊ አፍ ያለውን ስትመታው ድምፁ ደረቷ ድረስ ገባ። ዘገየ ይሄ ጥሩ ነው አላት፤ እውነቱን ነበር። ቀጥላ ሞላላውን አቀፈችና ክፍሏን ዘግታ ስትለማመደው የከረመችውን ሶሎ ጀመረች። እያንዳንዷ ኖታ ከሌላዋ ተለይታ ጥርት ብላ ወጣች። ማዶ ፒያኖ ሲያዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዞር አሉ። ዘገየ ቤት ውስጥ ይህን ስትጫወት ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራት። እሱ ሥራ ላይ ሲሆን እንደምትለማመድ በጀርመንኛ መለሰችለት።

ኢዩኤል መጣ። «እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ዘገየ» ብሎ ወደ ሚልካ ሲዞር እቅፏ ውስጥ ያለውን ጊታር አየ። አንገቱን ደፋ።

«አልደወልክም» አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

«አልደወልኩም» አለ ኢዩኤል። «ባለፈው ከፕሮበ፣ ከልምምዳችን በኋላ ብቻሽን ስትጫወቺ በር ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። ኤሽት፣ የምሬን ነው፣ ትበልጪኛለሽ። አንቺ ከመራሽ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

ሚልካ እንዴት ከፍቷት እንዳደረች ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አደረገችውና ሰፊ አፍ ያለውን ጊታር አንስታ አቀበለችው።

«አጅበኝ።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ኢዩኤል ምቱን ጀመረ፤ ሚልካም ዜማውን ይዛ ገባች። ሁለተኛው ኮርድ ድረስ ደህና ሄደ። ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ወደ ኋላ ቀሩና ተበላሸበት። ድሮ ቢሆን ሚልካ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አሁን አልቆመችም። ወደፊት ቀጠለች፤ እሱም አንድ ዙር ካመለጠው በኋላ ደረሰባት።

ሲጨርሱ ሻጯ ምርጫዋን ጠየቀቻት። ሚልካ ሞላላውን አሳየቻት፤ ዘገየም ሊከፍል ወደ ካሳው ሄደ።

«ሪትም ላይ አልረባም» አለ ኢዩኤል።

«ገና ነህ። የምንጫወትበት የበጋው በዓል፣ ሶመርፌስቱ፣ እስኪደርስ ትለምደዋለህ። አንዱን ሙዚቃ አንተ ትመራለህ፣ አንዱን እኔ። ግን ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ።»

ኢዩኤል ራሱን ነቀነቀ፤ ጊታሩን ሊመልስ ተነሳ።

«ቆይ፣ ተቀመጥ» አለችው ሚልካ። ሦስተኛው ኮርድ ላይ ጣቶቹን በየክሩ አስተካከለችለት። ከዚያ የራሷን ጊታር አቀፈችና፣ ከቅድሙ ትንሽ ዝግ አድርጋ ምቱን ቆጠረችለት።