ከጦሩ ጀርባ ያለው ሰፈር

ኢንስፔክተር ሳምራዊት ሰሚት ሰፈር ከሚገኘው የአቶ ዘርአይ ቤት የደረሰችው ቅዳሜ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። ሟቹ ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተዋል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታሪክ አስተምረዋል። መነጽራቸው በአንድ ጆሯቸው ላይ ብቻ ተንጠልጥሏል። አፋቸው አረፋ ደፍቋል፤ የታችኛው ከንፈራቸው መሃል ላይ ደግሞ ምስር የምታህል ነጭ የቀለም ነጥብ አለች።

«የልብ ነገር ይመስላል፤» አለ ሳጅን ብርሃኑ። ጎልማሳ ነው፤ መዝገብ ቶሎ ሲዘጋ ደስ ይለዋል። «ሐኪሙ ግን መርዝ ነው ባይ ነው።»

ሳምራዊት ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለች። ሁለት የአሻንጉሊት ወታደሮች ጦር ተሰልፎበታል። ወታደሮቹ የጣት አንጓ ያህላሉ፤ ጋሻቸው ከጥፍር አይበልጥም። በቀኝ በኩል ካለው ጦር ጀርባ፣ ሁለት መዳፍ በምታህል ጣውላ ላይ፣ የጦር ሰፈር ተሠርቷል። ድንኳኖቹ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደዱ ናቸው፤ ማገዶው ከመጥረጊያ ጭራሮ፣ መሬቱ ላይ የተበተነው ደረቅ ቅጠል ደግሞ ከሻይ ከረጢት የወጣ ነው። አንዲት ሴት ወፍጮ ላይ አጎንብሳለች። አንድ ውሻ ከሥጋ ቆራጩ ጀርባ አድብቷል። የአንድ ቄስ ጥላ በነፋስ ተገልብጧል። ዳር ላይ፣ እሳት አጠገብ፣ ሁለት ሰዎች ከአንድ ገበታ ይበላሉ። አንደኛው ወጣት ነው። ሌላው ምርኩዙን ከጎኑ አጋድሟል፤ ጢሙ ነጭ ነው። ሳምራዊት ጢሙን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ አደረገችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ ቀጭን ብሩሽ አገኘች። እጀታው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሮበታል። አንስታ በፕላስቲክ ከረጢት ከተተችው።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ኣብርሀት ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሳምራዊት ወንበር ትታ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ቁርስ ላይ ምን ቀመሱ?»

«ሻይና ዳቦ። ሁላችንም ከአንድ ፔርሙዝ ነው የጠጣነው፤ እኔ፣ ዳናይት ልጄ፣ ባሏ ሉቃስ። ከዚያ ዛሬ የምጨርሰው ሥራ አለኝ ብሎ ገባ። ፊሊጶስ ሳይመጣ ልጨርስ አለ።»

«ፊሊጶስ ማን ናቸው?»

«ጓደኛው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይሄን የጦር ጨዋታ ይጫወታሉ። ለልጆቼም እንደ አባት ነው። ዛሬ መንገድ ተዘጋግቶበት ዘገየ። ሲደርስ እኔ እየጮኽኩ ነበር።» ከዚያ ያልተጠየቁትን ጨመሩ። «ወንድ ልጄን ዓወትን ከቀበርኩ አራት ዓመቴ ነው። ከፊሊጶስ ጋር ወደ ቢሾፍቱ ሲሄዱ መኪና ሲነዳ ተገልብጦ። መንገድ ዳር የቆመች እናትም ገጭቶ ገድሎ። ዘርአይ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያየን አንገታችንን እንደፋለን።»

አቶ ፊሊጶስ በረንዳው ላይ ናቸው። ስልሳ ይሆናቸዋል፤ ጢማቸው ሸብቷል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

«ስለ ጨዋታው ይንገሩኝ፤» አለች ሳምራዊት።

«የጥንትና የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ጦር ከጀርባው ሰፈር ይኑረው ይላል። ጠላት ሰፈርህን ከያዘብህ፣ ወታደርህ ሁሉ ቢተርፍልህ እንኳ የጦሩ ልብ ይሰበራል። አብዛኛው ተጫዋች ሁለት ድንኳን ተክሎ ያልፋል። ዘርአይ ግን ጦሩን ትቶ ሰፈሩን ነው የሚሠራው። የሮማውያንን ከነቦዩ፣ የሞንጎሎችን ከነጋሪዎቻቸው ሠርቷል። ‹ሰው የሚኖረው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ሰልፍ ላይ የሚሞት ብቻ ነው ያለው› ይለኝ ነበር።»

«ይሄን ብሩሽ ያውቁታል?»

አዩት። «የእኔ ነው። አረንጓዴ ክር ያለበት ሁሉ የእኔ ነው፤ ሳጥኔን እዚሁ ነው የምተወው።»

«ቀለም ስትቀቡ ብሩሹን ከንፈራችሁ ላይ ታደርጉታላችሁ?»

«ጫፉ እንዲሾል። መጥፎ ልማድ ነው፤ ሁለታችንም አለብን። ዳናይት ‹መርዝ ትልሳላችሁ› እያለች ትቆጣን ነበር።» ድንገት ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጠዋት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ ብዬ ስደውልለት፣ የእሱ ቀጭን ብሩሽ መመለጡን ነገረኝ። የእኔን ውሰድ አልኩት። እኔ ነኝ ውሰድ ያልኩት!»

ሳጅን ብርሃኑ ሳምራዊትን ወደ ጎን ሳባት። «ብሩሹ የእሱ፣ ውሰድ ያለው እሱ። ምን እንጠብቃለን?»

«መርዙን እሳቸው አድርገውበት ቢሆን ስለ ስልኩ ይነግሩን ነበር? ስልኩን የሰማ ሌላ ሰው የለም።»

ዳናይት ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ በአንድ የግል ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ዓይኗ ደርቋል። እጆቿን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ የሌላ ሰው ይመስል ታያቸዋለች።

«ያን ክፍል ማን ያጸዳል?»

«እኔ። ዓርብ ዓርብ።»

«ብሩሾቹንስ?»

«የአባቴን አጥባለሁ። የፊሊጶስን አልነካም። የራሱን ራሱ ይጠብቅ።»

«ወንድምሽ የሞተ ዕለት መኪናውን ማን ነበር የሚነዳው?»

ዳናይት ቀና አለች። «መዝገብ ላይ ተጽፎ የለም? መዝገቡን ይዩታ።»

መጨረሻ ላይ ሉቃስን አነጋገረችው። ቦሌ ለሚ ውስጥ ባለ የቆዳ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነው። ለአማቱ የአሻንጉሊት ፈረሶች ኮርቻና ልጓም መሥሪያ የሚሆን ቁርጥራጭ ቆዳ ያመጣላቸው ነበር። ብርሃኑ መኪናው ውስጥ የኬሚካል ጠርሙስ አግኝቶበታል።

«የቆዳ ማለስለሻ ነው፤» አለ ላቡ እየወረደ። «ጋሼ ዘርአይ ቆዳው ደረቀብኝ ስላሉኝ ነው ያመጣሁት። ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ሥራ ነኝ፤ ዛሬ ተረኛ ስላልሆንኩ ነው እንጂ እዚህ እንኳ አልገኝም ነበር።»

«ዓወት የሞተ ዕለት የሚነዳው ማን ነበር?»

«እሱ ራሱ፤ ዓወት። ጋሼ ፊሊጶስ አጠገቡ ነበሩ።»

ስትወጣ ወይዘሮ ኣብርሀትን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። «ዳናይት አቶ ፊሊጶስን ምን ብላ ነው የምትጠራቸው?»

«ጋሼ ፊሊጶስ ነዋ! አፏን የፈታችው እሱ እጅ ላይ ነው። ባዶ ስሙን ጠርታም አታውቅ።»

የምርመራው ውጤት የመጣው ማክሰኞ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን ሰው ሲሳሳበት፣ ሳምራዊት አራቱን ወደ ሥራ ክፍሉ ጠራቻቸው። ወይዘሮ ኣብርሀት በባላቸው ወንበር ተቀመጡ። ዳናይት መስኮቱ ጋ፣ ሉቃስ አጠገቧ፣ አቶ ፊሊጶስ በሩ ላይ ቆሙ። ብርሃኑ በሩን ዘጋ።

«ሻዩ ንጹሕ ነው፤» ብላ ጀመረች ሳምራዊት። «የሉቃስ ጠርሙስም የተባለው ማለስለሻ እንጂ መርዝ አይደለም። የአቶ ዘርአይ አሥራ አንድ ብሩሾች ንጹሕ ናቸው። መርዝ የተገኘው አረንጓዴ ክር ባለባቸው ሦስት ብሩሾች ላይ ነው። በሦስቱም ላይ።»

«አላልኩም?» የሚል ፊት ብርሃኑ ላይ ታየ። ሳምራዊት አለፈችው።

«አቶ ዘርአይን ለመግደል የፈለገ ሰው በየቀኑ የሚልሷቸውን አሥራ አንዱን ትቶ የጓደኛቸውን አይመርዝም። አቶ ዘርአይ የዚያን ዕለት ያንን ብሩሽ ማንሳታቸው ድንገት የመጣ ነው፤ የራሳቸው መመለጡ፣ መንገድ መዘጋቱ፣ አንድ ስልክ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት አቶ ዘርአይን የሚጠላ ሰው ስፈልግ የዋልኩት በከንቱ ነበር። አቶ ዘርአይን ማንም ሊገድላቸው አልፈለገም። ሊሞቱ የታሰበው አቶ ፊሊጶስ ናቸው።»

ወይዘሮ ኣብርሀት ግራ ተጋብተው ዞሩ። «ፊሊጶስን? ፊሊጶስ ማንን በድሎ?»

«አቶ ፊሊጶስ፣ ዛሬ ጠዋት ለእኔ የነገሩኝን ለእሳቸው ይንገሯቸው።»

ሰውዬው ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ኣብርሀት… ያን ቀን የነዳሁት እኔ ነኝ። ጠጥቼ ነበር። ዓወት አንተ አትነዳም፣ ቁልፉን ስጠኝ ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት። ሕይወቱ ማለፉን ሳይ ፈራሁና እሱ ነበር አልኩ።»

ወይዘሮ ኣብርሀት አልጮኹም። «ዓወቴ አልነበረም?» አሉ ዝቅ ብለው። «ያችን ሴትዮ የገጨው ዓወቴ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«አራት ዓመት?»

አቶ ፊሊጶስ አንገታቸውን ደፉ።

ሳምራዊት ቀጠለች። «አቶ ፊሊጶስ ይሄን ለአቶ ዘርአይ የተናዘዙት ይህ ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ የሻይ ትሪ መሬት ተቀምጦ አገኙ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። ያን ቅዳሜ ወይዘሮ ኣብርሀት ማኅበር ሄደው ነበር። ሉቃስ ሥራ ላይ ነበር። ሻዩን ማን እንዳፈላው መጠየቅ አያስፈልገኝም። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዎች የሚነዳው ዓወት ነበር አሉኝ፤ የሚያውቁት እሱን ነውና። ሦስተኛዋ ግን ስጠይቃት የወንድሟን ስም ውሸቱ ላይ ለመጥራት አልቻለችም። ዕድሜዋን ሁሉ ጋሼ ያለቻቸውን ሰውም ባዶ ስማቸውን ጠርታ ‹የራሱን ራሱ ይጠብቅ› አለችኝ።»

ሉቃስ ከሚስቱ አንድ እርምጃ ራቀ፤ መራቁን ራሱም ያወቀ አይመስልም።

«ዳናይት?» አሉ ወይዘሮ ኣብርሀት።

«ዓርብ ዕለት ነው የቀባሁት፤» አለች ዳናይት። ለእናቷ ነበር የምትናገረው። «አባዬ የሰው ብሩሽ ነክቶ አያውቅም። አንድም ቀን! እኔ እኮ እጠብቅ ነበር፤ ይቆጣል፣ ያባርረዋል፣ ይከሰዋል ብዬ። ለአንቺ እንኳ አልነገረሽም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና አስገባው። ሁለቱ ሲስቁ በበሩ ሰማኋቸው። ልጁን ገድሎበት ይስቃሉ!»

«አልሳቅንም፤» አሉ አቶ ፊሊጶስ። «ልጄ፣ ያ ሳቅ አልነበረም። አባትሽ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረኝም ነበር፤ ያን ዕለት ነው ያለቀሰው። ‹ይቅር ብዬሃለሁ፤ ግን የልጄን ስም ትመልሳለህ› አለኝ። ቅዳሜ ለእናትሽ ልነግራት፣ ሰኞ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ልንሄድ ቃል አስገባኝ። እስከዚያ አንድ የምጨርሰው ሥራ አለኝ አለ።»

ሳምራዊት ጣውላውን አንስታ ዳናይት ፊት አስቀመጠችው። «እሳት አጠገብ ያሉትን ሁለት ሰዎች እዪ። በዚህ ሰፈር ምርኩዝ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው ወጣት ማን እንደሆነ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ። ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ቅዳሜ ስደርስ ያልደረቀ ቀለም የነበረው የሽማግሌው ጢም ላይ ብቻ ነው። አባትሽ መጨረሻ የቀቡት እሱን ነው።»

ዳናይት አጎንብሳ አየች። የወጣቱን ፊት ስታይ ጉንጮቿ ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «አንድ ሰዓት፤» አለች። «እውነቱ ሊወጣ አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶት ነበር።» ቃሉን ደጋገመችው፤ እየደጋገመችው ወደ ልቅሶ ተቀየረ።

ሳምራዊት ለሃያ ዓመት ያህል ወንጀለኛ ስታጋልጥ ኖራለች፤ ሁሌም መጨረሻው ላይ ደረቷ ቀለል ይላታል። ዛሬ አልቀለላትም። ብርሃኑን በዓይኗ ጠቀሰችው። ካቴናውን አውጥቶ ነበር፤ አየት አደረጋትና መልሶ ኪሱ ከተተው።

አቶ ፊሊጶስ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ቀድመው ወጡ፤ ማንም ሳይነግራቸው ሁለተኛው የፖሊስ መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሉቃስ ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀረ። ዳናይትን በሳምራዊትና በብርሃኑ መካከል አድርገው ሲያወጧት ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለቀስተኞች ተነሱ። የሆነውን የሚያውቅ የለም፤ የቤቱ ልጅ ስታለቅስ አይተው አብረዋት አለቀሱ።

መኪናው በር ላይ ሲደርሱ ከኋላ የወይዘሮ ኣብርሀት ድምፅ ተሰማ።

«ቆዩ! ቆዩ እባካችሁ!»

ሳምራዊት ልጅቷን ሊመቷት ይሆን ብላ መሃል ገባች። አሮጊቷ ግን በእጃቸው የያዙት ጥቁር ሽፍን ጫማ ነበር። ዳናይት በባዶ እግሯ ነው የወጣችው። ወይዘሮ ኣብርሀት ኮብልስቶኑ ላይ ተንበረከኩ። የልጃቸውን እግር አንስተው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት።

«እማ፣ ተይ፤» አለች ዳናይት። «እባክሽ አትንኪኝ። አባዬን…»

«አውቃለሁ።» አንዱን ጫማ አጠለቁላት። ሁለተኛው እምቢ አላቸው፣ ደግመው ሞከሩ። «አውቃለሁ፣ ጓለይ፣ ልጄ። እግርሽን ስጪኝ። እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ይበርድሻል።»