የጳጳስ ግሪምቦል የመጨረሻ ቅዳሴ

ጳጳስ ሉሲየስ ግሪምቦል ቅዳሴውን ሳይጨርሱ መሠዊያው ሥር ወድቀው ሞቱ። በማግስቱ መርማሪው ሆሬስ ድሬይተን ከደቡብ አሜሪካዊቷ ከተማ ከቻርልስተን ሲደርስ አስከሬናቸው እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተጋድሟል፤ የወረዳው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ ግን ሰው አስሮ ጨርሷል።

«የቅዳሴው ውሃ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ተገኝቷል» አለ ሸሪፉ፣ ትንሿን የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ እያሳየ። «የሞላቻት ደግሞ ይቺ ናት። አንቺ፣ ተነሽ!»

ኢዶራ ስሞልስ የምትባል ጥቁር ሴት በካቴና የታሰሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ከጉድጓዱ ቀድቼ ሞላሁ። ሌላ የማውቀው የለም» አለች፣ ሳትነሳ።

ድሬይተን ወደ ጳጳሱ ባለቤት ወደ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ዞረ፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ያገባል። «ጠላት ነበራቸው?»

«ግማሹ ከተማ ነዋ! የሩዝ እርሻ ባላባት ልጅ ሆኖ፣ ጦር ሜዳ በቄስነት ጥቁሩንም ነጩንም ሲቀብር ከርሞ ተመለሰ። ጳጳስ ከሆነ ወዲህ ‹በአንድ መሠዊያ እንቁረብ› እንዳለ ኖረ። ትናንት አደረገው። ከኋላ የሚቀመጡትን ጥቁሮች አስቀድሞ ለቁርባን ጠራ።»

«ማን ተቆጣ?»

«ፊት ለፊት ማንም። ሞልትሪማ ሲዘምር ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር።»

ፊነያስ ሞልትሪ በመሠዊያው ጳጳሱን የሚረዱ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ።

«እርስዎስ ቆረቡ?» አላቸው ድሬይተን።

«እንዴታ! ኅብስቱን ተቀበልኩ።»

«ጽዋውንስ?»

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነበር።»

ድሬይተን ማንቆርቆሪያዋ የነበረችበትን ጠረጴዛ ዞሮ አየ። ከመሠዊያው አጥር በስተውስጥ፣ ሕዝቡ የማይደርስበት ጥግ ነው። ከዚያ ከአስከሬኑ አጠገብ ከተቀመጡት ከወይዘሮ ኮርዴሊያ በቀር ሁሉንም አግዳሚው ላይ ሰበሰባቸው።

«መጀመሪያ ከዚህችው ማንቆርቆሪያ ትንሽ ውሃ ወይኑ ላይ ተጨመረ። ወይኑን ሕዝቡ ጠጣ። የታመመ አለ?»

«የለም» አለ ሸሪፉ።

«እንግዲያው ሲሞላ ውሃው ንጹሕ ነበር፤ መርዙ የገባው ሕዝቡ ሲቆርብ ነው። በመጨረሻ ጽዋው በዚያው ውሃ ይታጠባል፤ እጣቢውን የሚጠጡት ጳጳሱ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሲያቆርቡ ጠረጴዛው ጋ የቀረው ማነው? ሚስተር ሞልትሪ።»

ሞልትሪ ሣቁ። «ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ቆሜ?»

«ጣሪያ የሚያነሳ ጉሮሮ አልታመመም። ጽዋውን ግን አልጠጡም። መርዝ ፈርተው እንዳልል፣ ያኔ ጽዋው ውስጥ መርዝ አልነበረም። ታዲያ የተጸየፉት የማንን ከንፈር ነው?»

የሽማግሌው ፊት ደም መሰለ። «አያቴ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን!» ብለው ጮኹ። «እነሱ አፋቸውን ካደረጉበት እኔ ልጠጣ? እሱ ነው ያዋረደን!»

ሸሪፉ ካቴናውን ከሴትዮዋ እጅ ፈታ።

«ሂጂ፣ ኢዶራ። ነጻ ነሽ።»

የእጇን አንጓ እያሸች ቀና ብላ አየችው። «ወይዘሮ ስሞልስ ነኝ።»

ሸሪፉ ድሬይተንን አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይሂዱ... ወይዘሮ ስሞልስ።»

ወይዘሮ ስሞልስ ተነሡ፤ ወደ አስከሬኑ ሄደው ከወይዘሮ ኮርዴሊያ ጎን ተቀመጡ።