የኢኔስ የዋጋ ወረቀቶች

እትዬ ግራሲየት እንደሚሉት ዱዋርቴ በክሬዲት ካርድ የሚከፍለውን ሰው ይቀጣል። ዱዋርቴ እንደሚለው ደግሞ ማንንም አይቀጣም፤ ጥሬ ገንዘብ ለሚያመጣ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ። ሁለቱም ይህን የተናገሩት በዱዋርቴ ዳቦ ቤት፣ በአንድ መደርደሪያ ፊት ቆመው ነው። ከዚያም ሁለቱም ወደ ዴልፊና ዞሩ። የአሥራ አራት ዓመቷ የዱዋርቴ ልጅ ካርዱን ከማሽኑ ላይ ገና ማንሳቷ ነበር።

«ወረቀቱ ዘጠኝ ዶላር ይላል» አሉ እትዬ ግራሲየት ጣፋጩን ዳቦ እንደታቀፉ። «ደረሰኙ ዘጠኝ ከሠላሳ ስድስት ሳንቲም። ሠላሳ ስድስቷ የምንድን ናት? የዘቢቡ?»

«የባንኩ ናት! እኔ ኪስ አትገባም።»

«ታዲያ ባንኩንም ወረቀቱ ላይ ጻፈዋ! ኢኔስ ብትኖር እንዲህ አታደርገኝም ነበር።»

እትዬ ግራሲየት ራሳቸው ከአፋቸው በወጣው ደነገጡ። ከሟቿ የዱዋርቴ ሚስት ጋር በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን አብረው ሲሄዱ የኖሩ ሴት ናቸው። ዴልፊና ክፍያውን ሰርዛ ካርዱን መለሰችላቸው። ዳቦውን ቦታው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

የንግድ ተቆጣጣሪ መጥቶ የነበረው ባለፈው ሳምንት ነው። «በማሳቹሴትስ ከተጻፈው ዋጋ በላይ ለክሬዲት ካርድ መጨመር ክልክል ነው» ብሎ ነበር። «ከተጻፈው ላይ ለጥሬ ገንዘብ መቀነስ ግን ይቻላል። ከፍ ያለውን ጻፉ፣ ቅናሹንም ለጥፉ፤ በቃ፣ የምታጡት ነገር የለም።»

ዱዋርቴ እሺ ብሎ ሸኘው፤ ወረቀቶቹን ግን አልነካቸውም። ኢኔስ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት የጻፈቻቸው ናቸው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የዘጠኙ ጭራ እንደ ዓሣ መንጠቆ ተጠምዝዞ። ሱቁ ሲዘጋ አባቷ አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጋቸው ዴልፊና አይታዋለች። ባንኩ የሚቆርጠው ሲከብደው ጭማሪውን ማሽኑ ላይ እንድትሞላ ያዘዛትም እነሱን ላለመንካት ብሎ ነው።

«አባዬ፣ ሰዉ ሌባ እያለን ነው» አለች ዴልፊና እትዬ ግራሲየት እንደወጡ።

«ይበል።»

«እማዬንም እኮ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። «ደሞ እሷን ምን አገባት?»

«ጽሑፉ የሷ አይደል? ዘጠኝ ብላ የጻፈችው እሷ ናት። ውሸታም ያደረግናት እኛ።»

ዱዋርቴ የፈሰሰ ዱቄት የሌለበትን ጠረጴዛ በመዳፉ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

«ሌላ የሷ ጽሑፍ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ደብዳቤ ጻፊልኝ ስላት፣ ‹ፊትህ ተገትሬ ምን ብዬ ልጻፍልህ፣ አንተ ሰውዬ› ነበር የምትለኝ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ዴልፊና የጣፋጩን ዳቦ ወረቀት ጠርዙን በጥፍሯ ቀስ ብላ አላቀቀችው። አባቷ እጁን ዘረጋ፤ ግን ሳይደርስባት መለሰው።

«አዲሶቹን እኔ ነኝ የምጽፋቸው» አለች። «ስጨርስ ዳቦውን ለእትዬ ግራሲየት ቤታቸው አደርሳለሁ። አንተ ጓዳ ግባና ሊጡን እይ፣ አባዬ። እነዚህን ስነቅል አትይ።»