አረንጓዴው ቁራጭ

ልጄ ሰሚራ መርፌ ቁልፍ ጆሮዋ ውስጥ ከትታ ስትቆፍር ያየኋት ቀን ነው አደጋው የገባኝ፣ ደም ከመግል ጋር አንገቷ ላይ ይወርዳል፣ እሷ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ «እማ፣ ጨርቁ አልወጣ አለኝ» ትለኛለች። እመኑኝ፣ እኔ ጂን ምናምን ሲሉ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ወላሂ።

ጦርነቱ የመን ውስጥ የምንኖርበት ሰፈር መንሱራ ከገባ ወዲህ ልጄ እኛ የማንሰማውን ድምፅ ትሰማለች። ኪኒኑ አላሻላትም፣ በመጨረሻ እያነጋገረች የምታክም የመናዊት ሐኪም ጋ ወሰድኳት። «ለወሬማ ሰፈራችን ምን አነሰው?» ብዬ ሴትየዋን አሳቅኳት። ስቃ ስታበቃ ግን «ኡም ሰሚራ፣ የሰሚራ እናት፣ ጨርቅ የለም አትበያት፣ የማን እንደሆነ ጠይቂያት» አለችኝ።

እዚያው ጠየቅኳት። ሰሚራ ሽታ እንደመጣበት ሰው አፍንጫዋን ይዛ፣ «የሴትየዋ ነው፣ አረንጓዴው ያሳክከኛል፣ በጥጥ ቀይሩልኝ ትላለች» አለች።

ስሙኝማ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከበላያችን ትኖር የነበረች ያገሬ ልጅ፣ የሐይቅ ከተማ ተወላጅ፣ ፍንዳታ ገድሏት፣ የመቃብሩ መንገድ ተዘግቶ፣ እዚያው ሽንት ቤታችን ውስጥ ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ ጀናዛዋ በሙቀት ሰንብቶ ቆዳዋ እጄ ላይ ይላጥ ነበር፣ ጆሮዋን የምደፍንበት ጥጥ ሲጠፋ ከአረንጓዴ ቀሚሴ ጫፍ ሁለት ቁራጭ ቀድጄ ደፈንኩላት። በሩን ዘግቼ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሰሚራ ጎረቤት ቤት ነበረች፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ቀሚሱንም አቃጥዬዋለሁ።

ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም ስላት ሐኪሟ አልደነገጠችም። «እኛ የዋጥነውን ልጆች ተሸክመውልን ይዞራሉ፣ አንቺ ስታወሪው እሷ ታወርደዋለች» አለች። እዚያው ሁሉንም አወራሁ፣ ልጄ እጄን ይዛ ሰማችኝ።

ቤት የተመለስነው በቀትር ነው፣ መብራት የለም፣ ከሽንት ቤቱ ጉልቅ ጉልቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ሽታው የበሰበሰ ሥጋ ነው። የፍሳሹን ክዳን ባነሳው ጥቁር ውሃ ገንፍሎ ወጣ፣ ፀጉር የተጠመጠመባቸው ሁለት የዚያው ቀሚስ አረንጓዴ ቁራጮች ይዞ። ሰሚራ ከኋላዬ ሆና አየችና፣ ቀስ ብላ «እማ፣ ወጣላት» አለች።

ልብስ እንኳ ሳልይዝ እጇን ጎትቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አሁን ኢንማ ከተማ የሚባል ሌላ ሰፈር እህቴ ቤት ነን፣ የሰሚራ ጆሮ ደርቋል፣ መርፌ ቁልፍም አትነካም፣ እሷ ስለዚያ ቀን አታነሳም፣ እኔም አልጠይቃትም። እጄን ሳላሸት መጉረስ አቃተኝ እንጂ፣ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።